ኒሻን በቀኝ ደረት

ሠናይት ስትደውልልኝ ከሱቅ ተመልሼ ካልጋሪ፣ ሬድስቶን ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ እያደረግኩ ነበር። «ሙሉ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው ተቀመጥኩ። ጋሽ ታፈሰ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ፤ እንደማይቆዩ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቢሆንም የገዛሁትን ዕቃ ለማውረድ እንኳ አቅም አጣሁ።

በቀብራቸው ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ወጣት ማስታወቂያ ሲያነብ «የኮሪያ ዘማቹ አባታችን ጋሽ ታፈሰ» ብሎ ጀመረ። አጠገቤ የቆመችው ሠናይት ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፤ ከንፈሯን ግን ሳቅ ይታገላታል። እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

ጋሽ ታፈሰ ኮሪያን ረግጠው አያውቁም። ይህንንም በሰው ፊት ቆመው፣ በገዛ አፋቸው ተናግረዋል። ያን ቀን ብዙ ሰው ተቀይሟቸው ነበር። ከተቀየሟቸው መካከል ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል፤ ወሬው ግን የተስተካከለውን ትቶ የመጀመሪያውን ይዞ እስከ ዛሬ ኖሯል። ወጣቱን ጠርቼ ላርመው ፈልጌ ነበር። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታረም ስላልሆነ ተውኩት። እዚህ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ፓይንሪጅ የሚባል ሰፈር ውስጥ አሮጌ ታውንሃውስ ተከራይቼ ስኖር፣ ከሠናይት ጋር ግድግዳ እንጋራ ነበር። እሷ ነርስ ናት፤ ቀን ቀን ትሠራለች። እኔ ኤርፖርት አካባቢ ባለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ነበረኝ። አዲስ አበባ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አባቷን ስታስመጣቸው ጠዋት ጠዋት ቤት የምንውለው እሳቸውና እኔ ብቻ ሆንን። «እባክሽ አንዳንዴ ብቅ እያልሽ እዪው፤ ብቻውን ወጥቶ እንዳይጠፋ» ብላኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚጠፉ ሰው አልነበሩም። ይልቅ እኔን መንገድ የሚያስቱኝ እሳቸው ነበሩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ፊት ዘንበል ያለ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ኮሌታውን ነው። ንግግራቸው ሁሉ «ለመሆኑ» ብሎ ይጀምራል። ውሻ በክረምት ጫማ አድርጎ ሲያዩ «ለመሆኑ የሚያስርለት ማነው?» ይላሉ። በብርዱ መሃል አንዳንዴ የሚነሣው ሞቃት ነፋስ ከተራራው በኩል መጥቶ የትናንቱን በረዶ ሁሉ ሲያጠፋው፣ በሸሚዝ ብቻ በር ላይ ቆመው «ለመሆኑ ያ ሁሉ በረዶ የት ሄደ? ማን ወሰደው?» ይሉኛል።

«እኔ እንጃ ጋሼ» እላለሁ።

«እንግዲህ ካላወቅሽ መጠየቅ ነው፤ ተነሺ።»

እንግሊዝኛ ግን አይችሉም። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። የባስ ሹፌሩን፣ ፖስታ የምታድለዋን፣ ሣር የሚያጭደውን ጎረቤት፣ ሁሉንም አዳርሰናል። መጀመሪያ አፍር ነበር። ቆይቶ ግን የምኖርበትን ከተማ የማውቀው በእሳቸው ጥያቄ በኩል መሆኑ ገባኝ።

አንድ ቀን ኖቬምበር እንደ ገባ ሰንሪጅ ሞል ሄድን። መግቢያው ላይ ሰማያዊ ኮት የለበሱ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ቀይ የጨርቅ አበባ በትሪ ይዘው ቆመዋል። ኋላ እንዳወቅነው ስማቸው ሚስተር ዋልተር ነው።

«ለመሆኑ አበባው የምንድነው?» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ።

ጠየቅኩላቸው። በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ይታሰቡበታል አሉ ሽማግሌው። የትኛው ጦርነት ብለው ደገሙ ጋሽ ታፈሰ። ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሁለተኛው፣ ኮሪያ። እኔ ለመተርጎም አፌን ስከፍት ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ኮሪያ አሉ?»

«አዎ ኮሪያ አሉ። እኔም እዚያ ነበርኩ እያሉ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ የራሳቸውን ደረት በጣታቸው ነካ አድርገው፣ ያለ እኔ እርዳታ፣ «ኢትዮጵያ። ኮሪያ» አሉ።

ሚስተር ዋልተር ትሪውን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጡና የጋሽ ታፈሰን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ኢትዮጵያውያኑን አስታውሳለሁ፣ ረጃጅሞች ነበሩ፣ ጀግኖች ነበሩ አሉ። እኔ ዝም ብዬ ተረጎምኩ። ጋሽ ታፈሰ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ ምንም አልመለሱም። ያቺ ደረት መንካት ምን ማለት እንደሆነች ያኔ አልጠየቅኩም። ለእኔም ለፈረንጁም አንድ ዓይነት ትርጉም ነበራት።

የወታደሮቹ መታሰቢያ ቀን ሲደርስ ከተማው መሃል ወዳለው ሐውልት አብረን ሄድን። የከተማው ባቡር፣ ሲ-ትሬኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ሰክቷል። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። መናፈሻው ሞልቶ ሰው እስከ መንገዱ ድረስ ቆሟል። የድንጋዩ ሐውልት ሥር ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዶቹ በተሽከርካሪ ወንበር ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎላቸዋል።

ሰዓቱ ሲደርስ ጋሽ ታፈሰ የካፖርታቸውን ቁልፎች ፈቱ። ከሥር ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። በቀኝ ደረታቸው በኩል ኒሻኖች ተሰክተዋል። የአንደኛው ጥብጣብ ሰማያዊና ነጭ መስመር አለው።

«ጋሼ! እውነትም ዘምተው ነበር እንዴ?»

«ዛሬ ዝም ብለን እንቁም ልጄ» አሉኝ።

ጥሩምባው ተነፋ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። እንዲያ ያለ የብዙ ሰው ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ሕፃናቱ እንኳ ዝም አሉ። ጋሽ ታፈሰ ካፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ከፍተው ይዘው፣ ኒሻኖቹ ወደ ሐውልቱ እንዲታዩ አድርገው ቆሙ። በር ከፍቶ ሌላ ሰው የሚያስገባ ሰው ይመስሉ ነበር። ሲያበቃ በአጠገባችን የሚያልፉት ሁሉ የጋሽ ታፈሰን እጅ ጨበጡ። አንዲት ሴት «ታንክ ዩ» ብላ አቀፈቻቸው። ከሰልፉ ውስጥ ሚስተር ዋልተር ከሩቅ አይተዋቸው የወታደር ሰላምታ ሰጧቸው። ጋሽ ታፈሰ በዚያ ብርድ ላብ ላብ አላቸው።

ወሬው በሳምንት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ የትም ሲገቡ ሰው ይነሣላቸዋል። «ኮሪያው መጡ» ይባላል። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ ዩ ኖው፣ ስለ ኮሪያ ያውሩን» ብለው ይከቧቸዋል።

እሳቸውም ያወራሉ። መርከቡ ከጅቡቲ ተነሥቶ ባሕሩ ሰውን እንዴት እንዳስመለሰው፣ ተራሮቹ ወፍ የሚያሳርፍ ዛፍ እንኳ የሌላቸው ራቁታቸውን የቀሩ መሆናቸውን፣ በረዶው የጠመንጃውን ብረት ከጣት ጋር እንዴት እንደሚያጣብቅ። አፍ ያስከፍታሉ። እኔ ግን እንደ አስተርጓሚ ብዙ ስሰማቸው አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አንድም ቀን «ተኮስን» ወይም «በረደን» ብለው አያውቁም። «ተኮሱ፣ በረዳቸው፣ ተራራውን ወጡት» ነው የሚሉት። ለአስተርጓሚ ካልሆነ በቀር የማያስታውቅ ነገር ነው። ምናልባት ትሕትና ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ትሕትና ግሥ ድረስ ይወርዳል ወይ እያልኩ እገረማለሁ። ልጠይቃቸው አስቤ በየጊዜው ተውኩት፤ ጥያቄ የእሳቸው ሥራ ነበር።

የኮሪያ ተወላጆች በካልጋሪ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን አላቸው። በጋ ሲገባ በጦርነቱ የተካፈሉትን ሽማግሌዎች ጠርተው እራት ያበላሉ። ሚስተር ዋልተር ኢትዮጵያዊ ዘማች አለ ብለው ነግረዋቸው ኖሮ፣ የእኛም ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ግርማ ሰምቶ ነገሩን ትልቅ አደረገው። ስጦታ ይዘን፣ ባንዲራ ይዘን እንሄዳለን አለ።

ሚስተር ዋልተር ጥሪውን ሊነግሩ ራሳቸው ፓይንሪጅ ድረስ መጡ። ሻይ አፈላሁ። ሠናይት ሥራ ላይ ናት። «እስቲ ኒሻኖቹን በቅርብ ልያቸው» አሉ እንግዳው። ጋሽ ታፈሰ ትንሽ አመነቱና ኮታቸውን ከነኒሻኖቹ አምጥተው ለበሱት። ሚስተር ዋልተር ባለ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣቡን አይተው ፈገግ አሉ፤ እኔም ይሄው አለኝ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለምን በቀኝ አደረጉት? ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ። «የራስ ከሆነ በግራ ነው የሚደረገው።»

ተረጎምኩ። ጋሽ ታፈሰ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«በቀኝ ያደረግኩት የእኔ እንዳልሆነ ራሴ እንዳልረሳው ነው» አሉ። «የወንድሜ የአስፋው ናቸው። በያቸው።»

ለመተርጎም አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ሸክም ያወረዱ ያህል ቀጠሉ።

«ሁለታችንም ልንዘምት ተመዘገብን። ሐኪሙ የእኔን ደረት አዳምጦ ‹አንተ ወደ ቤት› አለኝ። አስፋው ሄደ። ስንሸኘው የኮቱን ቁልፎች ያጠበቅኩለት እኔ ነኝ። በሰላም ተመለሰ። በየበዓሉ ኒሻኑን ሲያደርግ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፣ እኔም አየዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እቀናበት ነበር። ኋላ አብዮቱ መጣ። ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው በዚያ ጊዜ ምን ብሎ ይናገራል? አንድ ቀን ኒሻኖቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበራቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ኮሪያ አንዲት ቃል አልወጣውም። ሲሞትም ማንም አላነሣለትም። የቀበርነው ኮሪያ እንዳልሄደ ሰው አድርገን ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ቆፍሬ አወጣኋቸው። እዚህ ስመጣ እኚህ ሽማግሌ አበባ ይዘው ‹ኮሪያ› ሲሉ ሰማሁ። አገር ምድሩ ለወታደር ሲቆም አየሁ። አስፋውን ላቁመው ብዬ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩት። ሚስተር ዋልተር ሲኒውን አስቀመጡ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ሰላምታ ሰጠሁህ» አሉ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰላምታ ሰጠሁህ። ጓደኞቼ እጅህን ጨበጡህ። በዚህ አገር የሌላ ሰው ኒሻን ደረት ላይ ማድረግ በሕግም የተከለከለ ነው፤ የወንድምም ቢሆን።»

ቆባቸውን አንሥተው ወጡ። ሻዩን አልጨረሱትም።

አቶ ግርማ ነገሩን ሰምቶ በማግሥቱ ጠዋት መጣ። «ጋሼ፣ ማን ይጎዳል? አስፋው ዘመቱ እርስዎ ዘመቱ፣ የዘመተችው ኢትዮጵያ ናት። እዚያ ሄደው ቁጭ ይበሉ፣ ይብሉ፣ ያመስግኑ፣ ይመለሱ። ፈረንጁም አፉን ይዘጋል፤ አነጋግረዋለሁ።»

«እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

አቶ ግርማ እፎይ ብሎ ወጣ። እኔ ግን ፊታቸውን አይቼ እፎይ አላልኩም።

የእራቱ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የማላውቃቸው ሾርባዎች፣ ቀይ የጎመን ኮምጣጣ፣ ሩዝ፣ ዓሣ ተደርድሯል። ሚስተር ዋልተር ከጓደኞቻቸው ጋር ወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል፤ ወደ እኛ አላዩም። ጋሽ ታፈሰ ግራጫ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ደረታቸው ላይ ምንም የለም። አቶ ግርማ አይቶ «የታሉ?» ሲላቸው ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

ሚስተር ፓክ የተባሉት የኮሪያኖቹ መሪ በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ነበሩ። ተነሥተው አመሰገኑና ኢትዮጵያዊው እንግዳችን ይናገሩ አሉ። ጋሽ ታፈሰ ተነሡ፤ እኔም ለማስተርጎም አጠገባቸው ቆምኩ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ። «ወታደር አይደለሁም። እናንተ አገር የመጣው ታላቅ ወንድሜ አስፋው ነው። ይሄን ምግብ ያዘጋጃችሁት ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞቷል። እሱን መስዬ ልበላው አልችልም። ይህንን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

አቶ ግርማ ከመቀመጫው ወደ እኔ አጎንብሶ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «ሙሉ፣ እንዳትተረጉሚው! አመሰግናለሁ ብለዋል በያቸው» አለኝ።

አዳራሹ ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ጋሽ ታፈሰም ያዩኛል። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ምንም ብል አያውቁም ነበር። እንዳሉት፣ ቃል በቃል ተረጎምኩት። አንዲት ሴት ደግሞ ወደ ኮሪያ ቋንቋ መለሰችው። ቃሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲደርስ፣ ፊቶች አንድ በአንድ ሲለዋወጡ አያለሁ። አቶ ግርማ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

ሚስተር ፓክ ወደ ጋሽ ታፈሰ ቀረብ አሉ። ከዚያ ጥያቄ ጠየቁ።

«ወንድምዎ ስለ አገራችን ምን ይሉ ነበር?»

ጋሽ ታፈሰ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም።

«የአንዲት አሮጊት ቤት ጣሪያ በበረዶ ወድቆ እሱና ጓደኞቹ ጠገኑላት። አሮጊቷ የምትሰጣቸው ብታጣ ጓሮ ሄዳ ከመሬት ውስጥ ከተቀበረ ጋን ጎመን አውጥታ አቀረበችላቸው። ‹እንደኛው በርበሬ ያቃጥላል› ይል ነበር። አገር ቤት ከተመለሰ በኋላ እናታችንን ‹ጎመን በበርበሬ ለውሰሽ መሬት ቅበሪልኝ› እያለ አሳሯን አበላት። እናቴም ‹ይሄ ልጅ ጦርነቱ አእምሮውን ነካው› ብላ ጠበል ወሰደችው።»

ሴትዮዋ ተርጉማ ሳትጨርስ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አሮጊቶቹ ጠረጴዛ እየመቱ ይስቃሉ። ሚስተር ፓክ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከዚያ ቀይ ጎመን በሳሕን ሞልተው በራሳቸው እጅ አመጡ።

«እኛ የጠራነው አገራችን የመጣውን ሰው ነበር» አሉ። «እሱ ወንድሙን ከላከ ወንድሙን እንቀበላለን። ይቀመጡ።»

ጋሽ ታፈሰ ተቀምጠው ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ አላውቅም። «አስፋው አልዋሸም» አሉኝ።

የእኛ ሰዎች ግን እንደ ኮሪያኖቹ አልሆኑም። አቶ ግርማ በመኪና ሲመልሰን አንድ ቃል ሳይናገር በር ላይ አወረደን፤ ከዚያ «አዋረዱን» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሽ ታፈሰ ሲያልፉ የሚነሣላቸው ጠፋ። ከኋላቸው «የውሸት ኮሪያ» የሚል ሰማሁ። ስለ አጎቷ ኒሻን እንደኛው ዘግይታ የሰማችው ሠናይትም ሥራ ቦታዋ ያሉት አበሾች እየጠየቋት ታለቅስ ነበር። አባቷን ግን አልተናገረቻቸውም።

አንድ ጠዋት ከጋሽ ታፈሰ ጋር ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቅን «እኔ መቼ ዘመትኩ አልኩ?» አሉኝ።

«አላሉም» አልኳቸው። «ግን አልዘመትኩምም አላሉም።»

ተቆጥተው የሚነሡ መስሎኝ ነበር።

«እሱስ ልክ ነሽ። ሰው ሲነሣልኝ ለአስፋው የተነሣ ይመስለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ በኋላ ግን… በኋላ በኋላ ለእኔ የተነሣም ይመስለኝ ጀመር። ጥሩ ነገር ነው ሲነሡልሽ። ለመሆኑ አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠረጠርሽው?»

«ስለ በረዶው ሲያወሩ ‹በረዳቸው› ይሉ ነበር፤ ‹በረደን› አይሉም።»

ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «አፌ ከእኔ ይሻላል» አሉ።

ኖቬምበር ተመልሶ መጣ። እሄዳለሁ አሉኝ። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ሚስተር ዋልተር ሰው ፊት ቢቆጧቸውስ? በዚያ ዓመት አሮጌ መኪና ገዝቼ ስለነበር በእሷ ሄድን። ሐውልቱ አካባቢ እንዳምናው ሰው ሞልቷል። ጋሽ ታፈሰ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከሰው ኋላ ቆሙ። ጥሩምባው ሲነፋ የቀኝ እጃቸውን ጓንት አወለቁና ኒሻኖቹን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ዘረጓቸው። ደረታቸው ላይ አይደለም፤ መዳፋቸው ላይ። ጸጥታው እስኪያልቅ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጣቶቻቸው ሲገረጡ አየሁ።

ሰልፉ ሲበተን ሚስተር ዋልተር በሰው መሃል ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። አጠገባችን ደርሰው የጋሽ ታፈሰን መዳፍ አዩ። የራሳቸውን ጓንት አውልቀው በዚያ በገረጣው እጅ ሥር የራሳቸውን እጅ አስገቡ። ሁለቱ እንደዚያ ቆሙ።

«ኮሪያኖቹ ቤት ያልከውን ሰምቻለሁ» አሉ ሚስተር ዋልተር። «ከባድ ነበር። እኔ ብሆን አልሄድም ነበር።»

ተረጎምኩ። ጋሽ ታፈሰ ሰውዬውን በደንብ አዩአቸውና ጥያቄያቸውን አመጡ።

«ለመሆኑ አንተ እዚህ ስትቆም ማንን ነው የምታስበው?»

እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የሚሏቸው። ይህን ግን ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አይቻልም፤ ጥያቄውን ብቻ ተረጎምኩ።

ሚስተር ዋልተር ፊታቸውን ወደ ሐውልቱ አዞሩ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። «አበባውን ይገዙኛል፣ እጄን ይጨብጡኛል። ማንን ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ብርዱ ስለጠናብን ሁለቱንም ወደ መኪናዬ ይዣቸው ሄድኩ። ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ማሞቂያውን ከፍቼ በመስተዋቱ አያቸዋለሁ። ሚስተር ዋልተር ክላረንስ ስለሚባል ልጅ ነገሩን። ኮሪያ ግንባር ላይ በአንድ የምሽግ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ከርመዋል። እንቁላል መጥበስ እችላለሁ እያለ ሁልጊዜ የሚያሳርር፣ ሲተኛ የሚዘፍን ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት ውኃ ሊቀዳ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሚስተር ዋልተር መሄድ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ተራው የእሳቸው ነበር። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጋሽ ታፈሰ ይህችን ተርጉሚልኝ አላሉኝም። ብቻ የሚስተር ዋልተርን ጉልበት ያዝ አደረጉ።

ከዚያ ጋሽ ታፈሰ «ስሙን ድገምልኝ» አሉ።

«ክላረንስ።»

«ክላራንሽ።»

«ክላ-ረንስ።»

ጋሽ ታፈሰ እንደ ተማሪ ደጋገሙት። የመኪናው መስኮት በእስትንፋሳችን ጉም ለብሷል። አራት አምስት ጊዜ ብለው መጨረሻው ላይ ያዙት። ሚስተር ዋልተር በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁና «የእሱስ?» ብለው ወደ ኒሻኖቹ አመለከቱ።

«አስፋው።»

«አስፋ።»

«አይደለም። አስፋው።»

«አስፋ-ኡ።»

ጋሽ ታፈሰ አገጫቸውን በጣታቸው ይዘው ከንፈራቸውን እያሳዩ፣ ቀስ ብለው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያስገባ ሰው ተጠንቅቀው አሉት። ሚስተር ዋልተር ዓይናቸውን ጨፍነው ሞከሩ።

«አስፋው።»

ጋሽ ታፈሰ መቀመጫው ላይ ተደገፉ። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«አሁን መጣ» አሉ።